ዝም ያሰኘሁት ክንድ

ጥቅምት 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ እትዬስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና ነው፤ ሌላ ምክንያት ብደረድርም ታውቅብኛለህና አልደክምም። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ የሚያመላልስልን ሾፌር በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ባገኘኝ ቁጥር ፊቴን ትቶ ኪሴን ነው የሚያየው። ሁለት መስመር ጻፊና ገላግይኝ» ሲለኝ ነው ያፈርኩት። ስልክ ብደውል ይቀል ነበር፤ አንተ ግን ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋለህ። ፀጉር ቤትህ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ጆሯቸውን እንደሚያቆሙም አውቃለሁ።

ስለ ምርመራው ለጠየቅከኝ፣ ወረቀቱ የሚለው ያው በቃል የነገርኩህን ነው። ክንድህ ሲያርፍ ያርፋል፣ ስታሠራው ይሠራል። ሐኪሙ «በመርፌ ምርመራው ምንም አልታየም» ብሎ ፈርሞበታል። ለእትዬ እንዲህ ብለህ አንብብላት። እጅህ የሚዝለው በድካም ይሆናል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ መቀስ ይዞ የማይዝል ማን አለ?

መጀመሪያ ላይ ያ የሚያጓራው ነገር ምን ነበር ስትለኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ስንት ሰው መርምሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ። ጡንቻ ሲሠራ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ እኛ መርፌዋን ሰክተን የምናዳምጠው እሱን ነው። ችግሩ ክፍሉ ራሱ በኤሌክትሪክ የተሞላ መሆኑ ነው። መብራቱ፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ የጎረቤት ክፍል ማሽን፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ሁሉም ጣልቃ ይገባል። የሰው ገላ ደግሞ እንደ አንቴና ይሰበስበዋል። አንተ ቶንዶስህን ስታስነሳ ራዲዮህ ያጉረመርም የለ? እንደዚያ ማለት ነው። የሥራችን ግማሽ ያንን ማጥፋት ነው። ቆዳውን መፈግፈግ፣ ሽቦዎቹን አንድ ላይ መግመድ፣ አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ ክንድ ላይ የምትለጠፈዋን የመሬት ሽቦ አጥብቆ መለጠፍ። ይሄ ሁሉ ካልረዳ ማሽኑ የራሱ ማጣሪያ አለው። ባንተ ቀን የከፈትኩት እሱን ነው። አየህ እንዴት ፀጥ እንዳለ!

መስመሩ ሲጠራ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ የምታዢው አንቺ ነሽ?» ያልከኝን አልረሳሁም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ሰው አብዳለች ሳይል አልቀረም።

ድንቢጥህ


ጥቅምት 11 ቀን

ድንቢጤ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሲሰጠኝ «በል፣ ከእንግዲህ ኪሴን ተወው» አለኝ። አንብቤ ጨርሼ ለእትዬሽ አነበብኩላት፤ ቀጥሎ አግዳሚው ላይ ላሉት አነበብኩላቸው። ስለ አንቴናው ያልሽው ክርክር አስነስቶ ዋለ።

የምርመራውን ወረቀት መስታወቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ይሄ የእህቴ ሥራ ነው እላለሁ ለመጣው ሁሉ። ጡረተኛው ዳኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚላጩት፣ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይሄ ቀጥ ያለ መስመር ምንድን ነው?» አሉ። የክንዴ ነው አልኳቸው። «ክንድህ እንዲህ ቀጥ ያለ ከሆነ ፂሜን ለምን ጠማማ ትላጨዋለህ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

እንግዲህ ስለ እጄም ልንገርሽ። መቀሱ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቆብኛል። ማበጠሪያ ስይዝ ትንሿ ጣቴ ትታኝ ትሄዳለች። ግን ማሽኑ ደህና ካለ ደህና ነው። እትዬሽም «እህትህ በመርፌ ወግታ ያየችውን አንተ ከየት አምጥተህ ነው የምትክደው?» ትላለች። ስንፍና ነው ብላለች፤ ባልዲውን ሆን ብላ በቀኝ እጄ ታሸክመኛለች። አልፈርድባትም። ሰው እየገፋ ሲሄድ ሥራን ይፈራል መሰለኝ። እኔ የምፈራው ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንቺን ግን አኮራሽኝ። ይሄን ሳልል እንዳላቆም ብዬ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሥራ ደህና ነው። የጥገናው ሰውዬ ማሽኑን ፈታትቶ እያየው ነበር፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

እባክዎ ለዚህ መልስ ይስጡኝ። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትዎና ከሷ ቀጥሎ ያለችው ብቻ ናቸው? ከእጅዎ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል? ግራ እጅዎን ከጎኑ አስቀምጠው በቀን ብርሃን ያስተያዩት። ሲሠሩ ክርንዎ ታጥፎ የሚቆየው ምን ያህል ነው? ከአሁን ጀምሮ ክርንዎን ጠረጴዛም ሆነ የወንበር መደገፊያ ላይ አያስደግፉ። ባልዲ አይሸከሙ። ለእትዬ እኔ አዝዣለሁ ይበሏት።

ያንን ወረቀት ደግሞ ከግድግዳው ያውርዱት። ለምን እንደሆነ አሁን አይጠይቁኝ።

እህትዎ


ኅዳር 9 ቀን

ድንቢጤ፣

«ለተከበሩ» አልሽኝ! አንቺ በሕይወትሽ «አንቱ» ያልሽኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የጎረቤቱን መስኮት የሰበርሽ ቀንና የትምህርት ቤት ውጤት ወረቀትሽን ባልዲ ውስጥ የዘፈዘፍሽ ቀን። አሁን ደግሞ ምን ሰበርሽ?

ጣቶቹ አዎ፣ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ጉድጓዱም አለ። ግራዬን ከጎኑ ባደርገው የአንድ ሰው እጆች አይመስሉም፤ ቀኙ ላይ ሽምብራ ብታስቀምጪ ይቆማል። ክርኔ ቀኑን ሙሉ እንደታጠፈ ነው። ፀጉር በተዘረጋ ክንድ የሚቆርጥ ሰው ካየሽ ንገሪኝ።

ወረቀቱን አላወርደውም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት እጄን ፊቱ አቆምና «ይኸው ደህና ነህ ተብለሃል፣ ሥራ!» እለዋለሁ። ካወረድኩት በምን እቆጣዋለሁ?

በሾፌሩ የላክሻት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። ሱቁ ለምን ተዘጋ ላልሽው፣ ለቀለም ነው። ነጭ እቀባዋለሁ ብያለሁ። ዳኛውም ደህና ናቸው፤ ሰሞኑን አልመጡም እንጂ። እኔም ትንሽ ማረፍ አምሮኛል። በዚህ አትጨነቂ።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። ሰዎች ስለ እኔ የሆነ ወሬ ቢያደርሱሽ፣ ስምሽን በማስነሳቴ ይቅር በይኝ። የተማረች እህት ኖራው በስንፍናው ተዋረደ ከሚባል ወንድም ይልቅ ባይኖርሽ ይሻልሽ ነበር።

ወንድምሽ


ኅዳር 16 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በለኝ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ከኋላው እደበቃለሁ።

ሾፌሩ ነግሮኛል። ሱቁ ለቀለም እንዳልተዘጋ ነግሮኛል። ምላጩ ከእጅህ አምልጦ የዳኛውን አገጭ ሥር እንደቆረጠ፣ ቁስላቸው በፎጣ ተይዞ ክሊኒክ እንደሄዱ፣ አምስት ቦታ እንደተሰፉ ነግሮኛል። አንዱ «ጠጥቶ ነው» ማለቱን፣ ሌላው ወረቀቱን እያሳየ «ማሽን ደህና ነው ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ሥራ ጠልቶ ነው» ማለቱን ነግሮኛል። አንተ ደግሞ ተነስተህ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ የጠየቅከው የኔን ስም ጭምር ጠርተህ ነው አሉ።

ዳኛውን የቆረጥካቸው አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና፣ ጨርሰህ ስታነብ የፈለግከውን በለኝ።

ነሐሴ ላይ ስትመጣ ያንን ጥቁር ኮትህን ለብሰህ ነበር። መሥሪያ ቤቴን ስታይ የመጀመሪያህ ነው። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ስለነበር፣ ወንድሜ ወረፋ አይጠብቅም ብዬ ወደ ጎን ክፍል ወሰድኩህና አሮጌውን ማሽን አስነሳሁ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ክንድህን በአልኮልና በሻካራ ጨርቅ እስኪቀላ መፈግፈግ ነው። ሳይፈገፈግ ቆዳ ላይ የምትለጠፈዋ ብረት በደንብ አትይዝም፤ የክፍሉ ኤሌክትሪክ በዚያ ይገባል። ክንድህን ያዝኩትና አልቻልኩም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያጠበኝ፣ ፀጉሬን ያበጠረኝ፣ መንገድ ያሻገረኝ ክንድ ነው። ያንን እንደ ድስት ልፈግፍገው? ነውር መሰለኝ። በጥጥ ዳበስ አድርጌ ተውኩት።

ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ጀመረ። የመሬት ሽቦዋን አየኋት፤ ከላይ ደህና ትመስላለች። ሐኪሙ ሊገባ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። አንተ ተጋድመህ ትክ ብለህ ታየኛለህ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መርፌዋን ነቅዬ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ አልጋውን ጎትቼ፣ ሽቦ ቀይሬ እንደ አዲስ እጀምር ነበር። በየቀኑ የማደርገው እሱን ነው። ባንተ ፊት ግን ሥራዋን የማታውቅ መምሰል ሞት መሰለኝ። ስለዚህ ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ያም አልበቃ ሲለኝ መስመሩን አሳነስኩት፣ የማሽኑን ድምፅ ዘጋሁት። መስመሩ ጠራ። አንተ ያንን ቃል ተናገርክ፤ እኔም ኮራሁ።

የታመመ ጡንቻ አርፎም ዝም አይልም፣ ወንድም ጋሼ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሊጀምር ሲል ጠብ፣ ጠብ እንደሚለው ያለ ትንሽ ድምፅ አለው። ሐኪሙ መርፌ የሚያዘው እሱን ለመስማት ነው። እኔ ከጩኸቱ ጋር አብሬ ያጠፋሁት እሱን ነው። ነርቭህን በኤሌክትሪክ ነዝሮ የሚያየው ምርመራ ውጤቱ አጠራጣሪ ስለነበር ሐኪሙ በመርፌው ተማመነ፤ መርፌው ደግሞ በኔ እጅ ነበር። እሱ ያየውን ነው የፈረመው።

መቼ አወቅሽ ትለኛለህ። ጥቅምት 14 ቀን። የጥገናው ሰውዬ፣ ያ ሻይ የጋበዘህ ረጅሙ፣ የአሮጌውን ማሽን የመሬት ሽቦ ይዞ መጣና ጎማዋን ሰንጥቆ አሳየኝ። ውስጧ ተበጥሷል። «በዚች ሽቦ የመረመርሽው ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። እሱ ሲወጣ መዝገቡን ከፈትኩ። አንድ ሰው ብቻ አለ። ማሽኑ ማጣሪያውን የት ድረስ እንዳዞርኩት ቁጥሩን ይዞ ቆይቷል። «ማሽኑ ደህና ካለ ደህና ነው» ያልክበት ደብዳቤህ ያን ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ዝም አልኩ። ነገ እጽፍለታለሁ ስል፣ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ ስል። «አንቱ» ብዬ ጻፍኩልህ፣ ጥያቄ ጠየቅኩህ፣ ባልዲ ከለከልኩህ። ይሄን አንድ ገጽ ግን መጻፍ አቃተኝ። ዳኛው የተቆረጡት በዚያ ወር ውስጥ ነው። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፤ ባወቅኩ ማግስት ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ ምላጭ አትይዝም ነበር።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ከነገርከኝ ሁሉ፣ ክርንህ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ብዬ እገምታለሁ። ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይለቀቃል። ነገር ግን በየሳምንቱ ከዚያ ጡንቻ የሚጠፋ አለ፤ የጠፋው ሁሉ አይመለስም። ጥላኝ፣ ስደበኝ፣ ግን ቶሎ ና።

ድንቢጥ


ኅዳር 25 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

መልስ አልላክህም። ሾፌሩ ደብዳቤውን በእጅህ እንደሰጠህ ምሎልኛል። «አንብቦ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው» ነው ያለኝ። መጠየቅ አልችልም፤ ይገባኛል።

ለሐኪሙ ነገርኩት። ቀጥሎ በክፍላችን ስብሰባ ላይ ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። ሐኪሙ ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። «ወንድምሽ ባይሆን ኖሮ ትናገሪ ነበር?» ብቻ አለኝ። ወንድሜ ባይሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አላደርገውም ነበር ልለው አፌን ከፈትኩና፣ ይሄ ከጥፋቱ የባሰ ሆኖ ተሰማኝ።

ለጊዜው መርፌ እንዳልይዝ ተወስኗል። ትክክል ነው። ቀጠሮህ ታኅሣሥ 8 ቀን ጠዋት ነው፤ የሚመረምርህ ከኔ የሚበልጥ ባለሙያ ነው። እኔ ከመንገድ ዞር እላለሁ፤ ፊቴን እንዳታይ የዓመት ፈቃድ መውሰድ እችላለሁ። ብቻ ና።

እህትህ


ኅዳር 30 ቀን

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ተቆጥቻለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም። አትጻፊልኝ እንዳልልሽ ነው የቆየሁት።

ስለ እጄ አይምሰልሽ። እጅ ይታመማል። ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ሰድቤአለሁ። ሰነፍ ስባል እሺ አልኩ። ፈሪ ነህ ብዬ ራሴን በመስታወት አየሁት። ዳኛው ደማቸው እየፈሰሰ «ምን ሆንክ፣ ልጄ?» ሲሉኝ «ምንም አልሆንኩም፣ ምርመራ አድርጌአለሁ» አልኳቸው። ይሄን ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ።

ቢጮህስ ምን ነበር? እኔ ቀኑን ሙሉ ከቶንዶስ ጩኸት ጋር የምውል ሰው ነኝ። ያንቺን መስመር ለማየት አልመጣሁም። እጄን ብዬ መጣሁ፣ አንቺንም ላይሽ መጣሁ።

እመጣለሁ። ግን ሌላ ሰው አይነካኝም። ለሐኪሙ ንገሪው፣ ከፈለገ ራስሽ ላይ ቆሞ ይይሽ፤ የምትወጊኝ አንቺ ነሽ። ፈግፍጊኝ፤ ቆዳዬ ይላጥ። እፍረትሽን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጪውና ግቢ። ስትወጪ ታነሺዋለሽ፤ ማንም አይወስድብሽም።

ወንድምሽ


ጥር 20 ቀን

ድንቢጤ፣

እንዴት ነሽ? ይሄን በቀኝ እጄ ጀምሬ ነበር፤ ስምሽን ስጨርስ ወደ ግራ ዞርኩ። ቢሆንም ስምሽን ጽፋለች። የክርኔ ቀዶ ሕክምና ስፌት ደርቋል። ትንሿ ጣቴ ሙቅ ውኃ ሲነካት ማወቅ ጀምራለች። እትዬሽ ካፈረች ወዲህ ባልዲ ቀርቶ ማንኪያ አታሸክመኝም፤ ይሄም ሌላ መከራ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ላንቺ የነገረሽን ለኔም ነግሮኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ለኔም ነግሮኛል። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ቶንዶስ እይዛለሁ፣ መቀስም በጊዜው ይመለሳል። ምላጭ ግን አልይዝም። በጥቅምት መጥተህ ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ይሄን የምነግርሽ እንድታለቅሺ አይደለም፤ እንዳልደብቅሽ ብዬ ነው። ስንደባበቅ ያተረፍነውን አይተናል።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሐኪሙ እሺ ብሎ አጠገብሽ ቆሞ ስትመረምሪኝ፣ አልጋው ላይ ለምን አለቀስክ ላልሽኝ፣ ልንገርሽ። መርፌው አሞኝ መስሎሽ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሽኝ፤ መርፌው አልነበረም። መብራቱን አጠፋሽ፣ አልጋውን ከነተኛሁበት ጎተትሽው፣ የሐኪሙን ስልክ ሳይቀር ከክፍሉ አስወጣሽበት። ክንዴን እስኪቀላ ፈገፈግሽው። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ክንዴ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ አላንቀሳቅሰውም፣ እሱ ግን ያወራል። ሐኪሙ «ይኸው» አለ። እኔ በልቤ «አልዋሸሁም» አልኩ። ሰው በበሽታው ደስ ይለዋል? እኔ ደስ አለኝ። ያለቀስኩት ለዚያ ነው።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ፀጉር የሚቆረጥ ይመጣል፤ ፂም የሚላጭ ወደ ማዶኛው ቤት ይሄዳል። ከአግዳሚው ጨዋታ ጠፍቷል። የክርኔን ጠባሳ አሳየኋቸው፤ «እህቱ እዚያ ስላለች አስቀደደችለት፣ ከሐሜት እንዲድን» ያለ አለ። ዳኛው አልተመለሱም። በቀደም መንገድ ላይ አየኋቸው፤ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅር ብለኸኛል ወይ ብለሽ ነበር። አብዛኛውን ቀን አዎ። አንዳንድ ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ አይደለም። በዚህ አትዘኚ፤ የጠዋቶቹ ቁጥር እየቀነሰ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር። ከዚህ በታች ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ተዪው።

ወንድምሽ


ጥር 26 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተና ለእትዬ ይሁን። በግራ እጁ የሚሰርዝ ሰው ምስጢር ልጠብቅ አይበል። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩና ከጀርባው አነበብኩት። «አንቺው ራስሽ መጥተሽ ብትነግሪያቸው» ይላል።

መጀመሪያ የመጣብኝን ሐሳብ ልንገርህ፤ ዝም ብዬ ጀግና እንዳልመስልህ። ሐኪሙ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢጽፍልህስ አልኩ። ለዳኛው ብቻ ቤታቸው ሄጄ በጆሯቸው ብነግራቸውስ አልኩ። እዚህ በስብሰባ ፊት ተናግሬአለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈለጋል አልኩ። ግን እዚህ ያሉት የሚያውቁት ሥራዬን ነው። ያንተ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት እኔን ያውቁኛል። ጥርሴ ሲነቀል አይተውኛል፤ ስመረቅ ከወንበራቸው ተነስተው አጨብጭበውልኛል። እነሱ ፊት ቆሜ «ወንድሜ ታሞ ነበር፤ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም ጎበዝ እንድባል ብዬ ነው፤ ካወቅኩም በኋላ አንድ ወር ደብቄአለሁ» ማለት አለብኝ። ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል። አንተ ግን ያላጠፋኸውን ተሸክመህ እነሱ ፊት በየቀኑ ቆመሃል።

ለዳኛው በሾፌሩ በኩል ጽፌላቸዋለሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ቅዳሜ ወደ ፀጉር ቤቱ እንዲመጡልኝ ብቻ ለምኛቸዋለሁ። እመጣለሁ ብለዋል።

ስናገር አታቋርጠኝ። «ተዉአት፣ ልጅ ናት» አትበልልኝ፤ እንደምትል አውቃለሁና ከወዲሁ ነው የምለምንህ። ወንበር አትስጠኝ። እትዬም ትምጣ።

ቅዳሜ ቤቱ በሰው ጢም የሚለው በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት ልድረስ።

ድንቢጥህ